ከጽሑፉ የወጡት ሦስት የቆስጣ ናሙናዎች

ጥያቄ፦ «ከአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ በሚገኝ ዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመት የኬሚስትሪ ተማሪ ነኝ። ለመመረቂያ ጽሑፋችን አራት ሆነን ከአቃቂ ወንዝ ዳር ማሳዎች 24 የቆስጣ ናሙናዎች ሰብስበን በውስጣቸው ያለውን የእርሳስ (ሊድ የሚባለው መርዛማ ብረት) መጠን ለካን። በ21ዱ መሣሪያው ከ0.3 ሚሊ ግራም በኪሎ ግራም በታች አሳየ። ሦስቱ ግን 4.1፣ 4.6 እና 5.2 ሆኑ፤ ከተፈቀደው ከአሥር እጥፍ በላይ። የቡድናችን መሪ ሦስቱን ‹የመሣሪያ ስህተት ነው› ብላ አወጣቻቸው። ጽሑፉ አሁን ‹የተሰበሰቡት 21 ናሙናዎች ሁሉም ከጣሪያው በታች ናቸው› ይላል። ለእኔ ብቻ የነገረችኝ ሌላ ምክንያት አላት፤ ማሳቸውን የከፈቱልን ገበሬዎች ገበያቸውን ያጣሉ ብላ ነው። የመኝታ ክፍል ጓደኛዬ ናት። እናቴ ለሕክምና ከገጠር ስትመጣ ሁለት ወር ያስታመሟት የእሷ ወላጆች ናቸው። በሚቀጥለው ወር ለተማሪዎች ኅብረት ፕሬዚዳንትነት ትወዳደራለች፤ ብትመረጥ በግቢያችን የመጀመሪያዋ ሴት ትሆናለች። እኔ ደግሞ የአስመራጭ ኮሚቴ አባል ነኝ። ብናገር ከሃዲ እባላለሁ፤ የማን ልጅ ስለሆነች ነው ተብሎም ይተረጎምብኛል። ዝም ብል ራሴን እየጠላሁ ነው። ምን ላድርግ?»

መልስ፦ ልጄ፣ ጥያቄሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። የኬሚስትሪ ትንተናና የምርምር ሥነ ምግባር ለሃያ ዓመታት ያህል አስተምሬአለሁ፤ በጥናት ገምጋሚ ኮሚቴም ተቀምጬአለሁ። የምኖረው ቃሊቲ ነው። ያንን ቆስጣ ጠዋት ጠዋት በጉልት ገበያው እስር እስሩ ተደርድሮ አየዋለሁ፤ ገዝቼም እበላለሁ። ስለዚህ የምመልስልሽ ከሩቅ ሆኜ አይደለም።

ከጓደኛሽም ከምርጫውም በፊት ወደ ቤተ ሙከራው ተመለሺ። አንድ ነገር ሳትነግሪኝ አልፈሻል፦ የለካችሁት እርጥቡን ቅጠል ነው ወይስ ደርቆ የተፈጨውን ዱቄት? የተለመደው አሠራር ቅጠሉን አድርቆ፣ ፈጭቶ፣ በናይትሪክ አሲድ አሟሙቶ መለካት ስለሆነ የእናንተም ቁጥር የዱቄቱ ይመስለኛል። የምግብ ደረጃዎችን የሚያወጣው ኮዴክስ ለቅጠላ ቅጠል ያስቀመጠው 0.3 ሚሊ ግራም በኪሎ ግራም ግን የሚመለከተው እርጥቡን፣ ሰው ከገበያ የሚገዛውን ቅጠል ነው። ከ100 ግራም ቆስጣ ውስጥ 92 ግራም ያህሉ ውሃ ነው። እንግዲህ 4.1 የዱቄት ቁጥር ከሆነ በእርጥቡ ሲሰላ 0.33 ገደማ ይሆናል። 4.6 ወደ 0.37፣ 5.2 ወደ 0.42 ይወርዳሉ። የራሳችሁ ቆስጣ ሲደርቅ ምን ያህል ክብደት እንዳጣ በደብተራችሁ ላይ ካለ በዚያ አስሉት፤ የእኔ ግምት ብቻ ነው።

ሦስቱም አሁንም ከጣሪያው በላይ ናቸው። አሥር እጥፍ ግን አይደሉም፤ አንደኛው እንዲያውም ጣሪያውን የነካ ያህል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለሕፃናት ጉዳት የለውም የሚባል የእርሳስ መጠን እንደማይታወቅ ስለሚናገር ቁጥሩ ዝቅ ማለቱ ጉዳዩን አይዘጋውም። ነገር ግን ተመልከቺ፦ ጓደኛሽ የደበቀችው፣ አንቺም ሌሊት እንቅልፍ ያጣሽበት ነገር ገና በወጉ ያልተሰላ ቁጥር ነው። አንዳችሁ ለገበሬው አዝናችሁ፣ አንዳችሁ ለህሊናችሁ ፈርታችሁ፣ ማናችሁም ሒሳቡን ሳትጨርሱ ወደ ፍርድ ሄዳችሁ። በሥነ ምግባር ጉዳይ አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳስተን ክፋት ሳይሆን ይህ ጥድፊያ ነው።

አሁን ወደ «የመሣሪያ ስህተት» እንምጣ። መሣሪያ ይሳሳታል። ጠርሙሱ በአሲድ በደንብ ካልታጠበ ካለፈው ሥራ የቀረ እርሳስ ይይዛል፤ በአስፋልት ዳር የበቀለ ቅጠል ካልታጠበ አቧራው አብሮ ይለካል። እነዚህን መጠርጠር ተገቢ ነው። ግን ጥርጣሬው ለምን ሦስቱ ላይ ብቻ አረፈ? መሣሪያችሁ አቶሚክ አብዞርብሽን የሚባለው፣ በነበልባል የሚሠራው የብረታ ብረት መለኪያ ከሆነ ለጥቂት እርሳስ ጎበዝ አይደለም። አንድ ግራም ዱቄት አሟሙታችሁ 25 ሚሊ ሊትር ካደረሳችሁት፣ 0.3 ማለት በሊትር 0.012 ሚሊ ግራም ነው፤ መሣሪያው ምንም በሌለበት ውሃ ላይ እንኳ ንባቡ ከፍና ዝቅ ከሚልበት መጠን ብዙም አይርቅም። 4.1 ግን በሊትር 0.164 ይሆናል፤ ይህን መሣሪያው በደንብ ያየዋል። ከመሣሪያው አንጻር ብቻ ከተነጋገርን ከ24ቱ ይበልጥ የተለኩት እነዚያው የተጣሉት ሦስቱ ናቸው። ጓደኛሽ ያመነችው ደካማዎቹን ንባቦች ነው፤ የጠረጠረችው ደግሞ ጠንካራዎቹን። የማንፈልገውን ብቻ የሚፈትሽ ጥርጣሬ የሳይንስ ጥርጣሬ አይባልም። በምርጫም የተሸነፍንበትን ኮሮጆ ብቻ እንደገና ይቆጠር የምንለው፣ በሰፈርም የጠላነውን ሰው ደረሰኝ ብቻ የምናገላብጠው በዚሁ ልማድ ነው።

ስለዚህ ደብተሩን አውጥታችሁ አራታችሁም ፊት ለፊት ተቀመጡ። ሦስቱ የተለኩት በአንድ ቀን ነው ወይስ በተለያየ? ምንም ቅጠል ያልገባበት ናሙና፣ ብላንክ የምንለው፣ በዚያ ቀን ስንት አሳየ? የታወቀ መጠን ያለው እርሳስ ሆን ብላችሁ ጨምራችሁ መሣሪያው ያንኑ መልሶ መስጠቱን አይታችኋል? ከሁሉም በላይ ደግሞ ሦስቱ ቅጠሎች የተለቀሙት ከየት ነው? ከአንድ ቦታ፣ ለምሳሌ የፍሳሽ ቦይ ወንዙን ከሚቀላቀልበት በታች ካሉ አጎራባች ማሳዎች ከሆኑ መሣሪያው የማሳውን አቀማመጥ አያውቅምና ስህተቱ እየመረጠ እዚያ ሊያርፍ አይችልም።

ምናልባት አንዱ ልጅ በስታቲስቲክስ መፈተኛ አፈንጋጭ መሆናቸው ተረጋግጧል ብሎ ይሆናል። እነዚያ መፈተኛዎች የሚናገሩት «ይህ ቁጥር ከጓደኞቹ ጋር አይመስልም» ብቻ ነው፤ ሐሰት ነው አይሉም። ደግሞም መረጃው በአማካዩ ዙሪያ ግራና ቀኝ ተመጣጥኖ እንደተበተነ ይገምታሉ። ብክለት እንዲህ አይበተንም። ብዙው ቦታ ጥቂት አለው፤ ጥቂቱ ቦታ ብዙ አለው። በብክለት ጥናት አፈንጋጩን መጣል በመንደሩ የታመሙት ጥቂት ናቸው ብሎ መንደሩ ጤነኛ ነው እንደማለት ነው።

አፈንጋጭ ናሙና መተው በራሱ ኃጢአት አይደለም። ሮበርት ሚሊካን የኤሌክትሮንን የኤሌክትሪክ ሙል በዘይት ጠብታዎች የለካ የፊዚክስ ሊቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1913 ባሳተመው ጽሑፍ ያቀረባቸው 58 ጠብታዎች ሳይመረጡ የቀረቡ፣ በ60 ተከታታይ ቀናት የተሞከሩት ሁሉ እንደሆኑ ጻፈ። ደብተሮቹ ከሞተ በኋላ ሲመረመሩ የተዋቸው ብዙ ጠብታዎች ተገኙ። ያገኘው ቁጥር ለእውነተኛው ቅርብ ነበር፤ በ1923 የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል፤ ከተዋቸው ለብዙዎቹም በቂ የቴክኒክ ምክንያት ሊኖረው ይችላል። ባለሙያዎች ግን ዛሬም ይከራከሩበታል፤ ምክንያቱ አንዲት ቃል ናት፦ «ሁሉ»። በእናንተ ጽሑፍ ላይም የከፋችው ቃል ያቺው ናት። «24 ሰበሰብን፤ ሦስቱን በዚህና በዚያ ምክንያት ከሒሳቡ አወጣን፤ ቁጥራቸው ይህ ነበር» የሚል ዓረፍተ ነገር ቢኖር አንባቢው ራሱ ይፈርዳል። «21 ሰበሰብን» ሲባል ግን ከአንባቢው የመፍረድ መብቱ ተወስዷል።

የእናንተን ታሪክ ሳነብ ወዲያው የመጣብኝ ፍሊንት ነው። በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት ያለች፣ ያን ጊዜ ወደ 100 ሺህ ሕዝብ ይኖርባት የነበረች ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2014 ወጪ ለመቀነስ የውሃ ምንጯን ወደ ፍሊንት ወንዝ ለወጠች፤ ውሃው ቧንቧውን እንዳይበላ የሚከላከለው ኬሚካል ሳይጨመር ቀረ፤ ከአሮጌ ቧንቧዎች እርሳስ እየሟሟ ወደ መጠጥ ውሃው ገባ። በ2015 ከተማዋ ከየቤቱ 71 ናሙናዎች ሰበሰበች። የግዛቱ ባለሥልጣናት ሁለቱ እንዲወጡ አደረጉ። በቀሩት 69 ሲሰላ ሕጉ የሚያየው አኃዝ በቢሊዮን 11 ሆነ (ከአንድ ቢሊዮን የውሃ ክፍል 11ዱ እርሳስ ማለት ነው)፤ ያን ጊዜ እርምጃ የሚያስወስደው ከ15 ሲያልፍ ነበር። ሁለቱ ባይወጡ ኖሮ 15ን ያልፍ ነበር። ከሁለቱ አንዱ በቢሊዮን 104 ያሳየው፣ ልጆቿ የታመሙባት ሊያን ዋልተርስ የተባለች እናት ቤት ውሃ ነበር። የወጣበት ምክንያት ቤቱ የውሃ ማጣሪያ ስላለው ነው ተባለ። ማጣሪያ እርሳስን ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም! ሌላው የወጣው ደግሞ ሕንፃው መኖሪያ ቤት ስላልሆነ ነው። አየሽ፣ ለሁለቱም ደንብ ተጠቅሶላቸዋል። ማንም «እንዋሽ» ብሎ በወረቀት ላይ አልጻፈም።

ያንን ያፈረሱት እነማን ነበሩ? ነዋሪዎቹ ራሳቸው፤ ከቨርጂኒያ ቴክ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ማርክ ኤድዋርድስና በአንቺ ዕድሜ ያሉ ተማሪዎቻቸው፤ በሕፃናት ደም ውስጥ ያለው እርሳስ መጨመሩን ያሳዩት ሐኪም ሞና ሃና አቲሻ። ተማሪዎቹ የናሙና ጠርሙሶችን በየቤቱ ልከው ከ250 በላይ መልሰው ሰበሰቡ፤ ያገኙትንም ሁሉ አወጡ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2015 ከተማዋ ወደ ቀድሞ የውሃ ምንጯ ተመለሰች። በዚያ መካከል ያለፈውን ዓመት ተኩል የጠጡት ልጆች ግን ጠጥተውታል።

ወደ አቃቂ ልመለስ፤ ስለ ገበሬዎቹ ጓደኛሽ ያለችው ቀላል ነገር አይደለም፤ አክብሬ ነው የማየው። ወንዙን የበከሉት እነሱ አይደሉም። ትልቁም ትንሹም አቃቂ የመዲናዋን ፍሳሽ፣ የቆዳ ፋብሪካውን፣ የጋራዡን፣ የመኖሪያ ሰፈሩን እየተሸከሙ ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ ሲወርዱ እነዚህ ሰዎች በመንገዱ ላይ የተገኙ ናቸው። አንድ የተማሪ ጽሑፍ «የአቃቂ ቆስጣ መርዝ ነው» በሚል ወሬ ተለውጦ ቢወጣ ቅጣቱ የሚወድቀው በአጥፊው ላይ ሳይሆን ከሁሉ በደኸየው ላይ ነው። ይህን ያሰበች ልጅ ልቧ ደህና ነው።

ግን ያንን ቆስጣ መጀመሪያ የሚበላው ማን ነው? የገበሬው ልጆች ናቸው። ማሳውን ሲከፍቱላችሁ ምን ብላችሁ ነበር የገባችሁት? «ውጤቱን እንነግራችኋለን» ብላችሁ ከሆነ ዕዳ አለባችሁ፤ ባትሉም አለባችሁ። የገበሬውን ገበያ በመደበቅ ሳይሆን በአሠራር መጠበቅ ይቻላል። ማሳዎቹን በስም ሳይሆን በኮድ ጻፉ። ውጤቱ ከተረጋገጠ በኋላ ማንም ከመስማቱ በፊት ለራሳቸው፣ ማሳው ላይ ቆማችሁ፣ በሚገባቸው ቋንቋ ንገሯቸው። የምትሰጧቸው ምክርም አለ፦ እርሳስ በቅጠልና በሥር አትክልት ላይ ይበዛል፤ እንደ ቲማቲምና በቆሎ ባሉ ፍሬያቸው በሚበላ ሰብሎች ግን በጣም ያንሳል። በሦስቱ ማሳዎች ላይ ቆስጣውን በሌላ ሰብል መቀየር፣ ከመንገድ ዳር ያለውን ደግሞ በንጹሕ ውሃ በደንብ አጥቦ መሸጥ ምንም የማይቻል ነገር አይደለም። ጓደኛሽ ገበሬዎቹን ልትጠብቅ ብላ ራሳቸውን መጠበቅ የሚችሉበትን ብቸኛ መረጃ ነፍጋቸዋለች።

አሁን ወደ ከበደሽ ነገር፣ ወደ ውለታው እንሂድ። እናትሽን ሁለት ወር ያስታመመ ቤት ዝም ብሎ የሚረሳ አይደለም። «ምን ይሉኛል» ብለሽ ብቻ አይደለም የተጨነቅሽው፤ በእውነት ባለ ዕዳ ነሽ። ይሉኝታ ነው ብዬ አላቃልልብሽም።

በሰፈራችን ዕድር የሆነ ነገር ልንገርሽ። ገንዘብ ያዣችን የልጅ ሕመም ለገጠመው ጎረቤት ከዕድሩ ሣጥን አውጥቶ አበደረ። ማንንም አልጠየቀም፤ ለራሱም አምስት ሳንቲም አልወሰደም። በመዝገቡ ላይ ግን ገንዘቡ በሣጥኑ እንዳለ አድርጎ ጻፈ። ጎረቤቱ ከሦስት ወር በኋላ ሙሉውን መለሰ። ነገሩ በኋላ ሲታወቅ ስብሰባው ላይ አብዛኞቻችን «ደግ ሥራ ነው፤ ገንዘቡም ገብቷል፤ ይለፍ» አልን፤ እኔም እንዲሁ አልኩ። አንዲት አሮጊት ብቻ ተነሥተው «ገንዘቡስ ተመልሷል፤ መዝገቡ መቼ ተመለሰ? በነዚያ ሦስት ወራት እኔ ሞቼ ቢሆን በምን ትቀብሩኝ ነበር?» አሉ። ቤቱ ጸጥ አለ። ሰውየው ደግ ነበር፤ የለገሰው ግን የእሳቸውን መቀበሪያ ነበር፤ እሳቸው ሳያውቁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱን ቃላት ለያይቼ አያቸዋለሁ፦ ውለታና አደራ። ውለታ በአንቺና በነዚያ ወላጆች መካከል ያለ ነው፤ ካለሽ ነገር ትከፍይዋለሽ፤ በጊዜሽ፣ በጉልበትሽ፣ በደመወዝሽ፣ ሲታመሙ አጠገባቸው በመገኘት። ሦስቱ ናሙናዎች ግን ያንቺ አይደሉም። ከጉልቱ እስር ቆስጣ ገዝታ ለሕፃን ልጇ ምሳ የምትሠራዋ እናት አደራ ናቸው፤ እሷ ደግሞ ከእናንተ ክፍል ውስጥ የለችም። የጓደኛሽን ወላጆች ውለታ በዚያች እናት ንብረት ልትከፍይ አትችይም። ጓደኛሽም ለገበሬዎቹ ያዘነችው በራሷ ነገር አይደለም።

ለእናትሽ ደውለሽ ንገሪያት። «ምን ትል ነበር» ብለሽ በሐሳብሽ አትጠይቂያት፤ በእውነት ደውይላት። ውለታውን የተቀበለችው እሷ ናት፤ በሦስት ናሙና እንዲከፈልላት ትፈልግ እንደሆነ እሷው ትመልስልሽ።

«ዝም አይነቅዝም» የሚለውን ሳትሰሚ አልቀረሽም። በሐሜት ላይ እውነት ነው። በቁጥር ላይ ግን ዝምታ ይነቅዛል። እኔ ለሁለተኛ ዲግሪዬ ስሠራ የመለኪያ መስመሬን ያበላሸችብኝን አንዲት ነጥብ ለማንም ሳልናገር ጣልኳት። መስመሩ አማረ። አማካሪዬ አልጠየቁኝም፤ ውጤቱም ብዙ አልተለወጠም። ነጥቧ የነበረችበትን የደብተር ገጽ ግን ዛሬም አውቀዋለሁ፤ ተማሪ ውጤት ሲያሳየኝና መስመሩ ከመጠን በላይ ሲያምር መጀመሪያ የሚታየኝ ያ ገጽ ነው።

ከእኔ የሚበልጠውን ደግሞ ስሚ። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አዩ፤ ከዚያ ተነሥተው እንዶድ ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች እንደሚገድል አሳዩ። ይህን ሥራ ዓለም እንዲቀበለው ለማድረግ ግን ብዙ ዓመታት ፈጀ። ከምክንያቶቹ አንዱ ከአፍሪካ ቤተ ሙከራ የወጣ ውጤት አይታመንም የሚለው አድልዎ ነበር። በ1989 ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር አማራጭ ኖቤል የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት አገኙ። እነዚያ ሰዎች የተከራከሩት ደብተራቸውን ይዘው ነው። ከእኛ አንዱ ናሙና በደበቀ ቁጥር ያንን አድልዎ ለያዘ ሰው ማስረጃ ያቀብለዋል፤ ዋጋውንም የሚከፍለው ቀጥሎ የሚመጣው ሐቀኛ ተማሪ ነው። ይህ በጣም ያናድደኛል።

ስለ ምርጫው። የተማሪ ፖለቲካ በዚህች ከተማ ትንሽ ነገር ሆኖ አያውቅም። በ1958 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለማኞች በሾላ ታጉረው የተያዙበትን ሁኔታ ተቃውመው «ድህነት ወንጀል ነወይ?» ብለው ሰልፍ ወጡ። ሾላ ያን ጊዜ የከተማው ዳር ነበረ። ለራሳቸው ምግብና መኝታ አልነበረም የጮኹት፤ ድምፅ ስለሌለው ሰው ነበር። ጥላሁን ግዛው በ1962 ዓ.ም. የተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆኖ በተመረጠ በሳምንታት ውስጥ፣ በታኅሣሥ ወር ተገደለ። ወንበሩ ሕይወት የተከፈለበት ነው። ከዚያው ትውልድ የወጡት ድርጅቶች ደግሞ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጠመንጃቸውን እርስ በርስ አዞሩ፤ «ለዓላማው ሲባል» የሚለው ሐረግ መጀመሪያ ትንሽ ውሸት፣ ኋላ የአብሮ አደግ ደም አስፈቀደ። ጓደኛሽ ስለ ግልጽነት ልትቀሰቅስ ትችል ይሆናል፤ አልነገርሽኝም። ግን ስለሌሎች ልትናገር የምትመረጥ ሰው፣ በሌለችበት የተወሰነባትን ያቺን የጉልት እናት አንዴ አስባት ይሆን? የምጠይቃት ይህን ነው።

አንቺን በተመለከተ ከአስመራጭ ኮሚቴው ራስሽን ዛሬውኑ አግልይ። ምክንያቱን መዘርዘር አያስፈልግሽም፤ «ከአንዷ ዕጩ ጋር አብሬ እኖራለሁ፤ አብረንም ጽሑፍ እንሠራለን» የሚለው በቂ ነው፤ እውነትም ነው። እንዲያውም ይህ ሁሉ ባይመጣም ዕጩዋ የመኝታ ክፍል ጓደኛሽ ሆና ድምፅ ልትቆጥሪ አይገባሽም ነበር። ይህ ከናሙናው እኩል ያሳሰበኝ ነገር ነው።

ነገሩን በቴሌግራም ስም ሳይጠቀስ እንዲሰራጭ አታድርጊ፤ ለተቀናቃኝ ዕጩም አታቀብዪ። ድምፅ ከሚሰጥበት ቀን ጋርም አታያይዢው። የፈራሽው የብሔር ትርጉም እውነተኛ አደጋ ነው። ነገሩ ያለ ፊትና ያለ ስም ወደ አደባባይ ከወጣ በአንድ ሌሊት ከሦስት ቅጠል ወጥቶ የማን ልጅ ናት ወደሚል ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ ስለ እርሳስ የሚያወራ አይኖርም። መከላከያሽ ነገሩን በተፈጠረበት ቦታ፣ በቤተ ሙከራውና በአማካሪያችሁ ፊት፣ ከደብተር ጋር ማንሣት ነው። የመጀመሪያዋ ሴት ትሆናለች ላልሽው፣ እኔም እንድትሆን እመኛለሁ። የተማሪው ኅብረት ሴት መሪ ያስፈልገዋል። ከተመረጠች ከሦስት ወር በኋላ በጽሑፍ መከላከያ ቀን ፈታኙ የቤተ ሙከራውን መዝገብ ከፍቶ 24 ሲቆጥር ብታስቢያት ግን ጉዳቱ ለእሷም ከእሷ በኋላ ለሚመጡትም ይከፋል። አሁን ብታርመው የሚያፍርባት የለም።

ለብቻዋ አነጋግሪያት። በመኝታ ክፍል ሌሎች ባሉበት አይሁን፤ ከግቢ ውጪ ሻይ ይዛችሁ። በክስ አትጀምሪ፤ በእርጥብና በደረቅ ክብደቱ ሒሳብ ጀምሪ። «አንድ ነገር ተሳስተን ነበር፤ ቁጥሮቹ እንዳሰብናቸው አይደሉም፤ አብረን እንደገና እንለካቸው» በያት። ይህ እውነት ነው፤ ለእሷም ሳትዋረድ የምትመለስበት በር ይከፍታል። ከዚያ የማትደራደሪበትን ንገሪያት፦ ጽሑፉ 24 ማለት አለበት። ሦስቱ ይውጡ አይውጡ ሊያከራክራችሁ ይችላል፤ መኖራቸው ግን አያከራክርም። ስለ ምርጫው ለማንም እንደማትናገሪም በዚያው አረጋግጪላት፤ ቃልሽንም ጠብቂ።

የቀሩት ሁለቱ የቡድናችሁ አባላትም ስማቸው በጽሑፉ ላይ አለ። ስለ እነሱ ምንም አልጻፍሽም። ያውቃሉ? ካላወቁ ማወቅ አለባቸው፤ ካወቁ ደግሞ ሸክሙ ያንቺ ብቻ አይደለም።

እምቢ ብትልስ? ቀን ስጪያት፤ አንድ ሳምንት ይበቃል። ከዚያ ወደ አማካሪያችሁ ሂጂ፤ እንደምትሄጂም አስቀድመሽ ለእሷ ንገሪያት፤ ከጀርባዋ አይሁን። ለአማካሪው የምታቀርቢው ስለ ጓደኛሽ ጠባይ አስተያየት አይሁን፤ የናሙናዎቹ ሙሉ ዝርዝር፣ የመሣሪያው ንባብና የአሁኑ ጽሑፍ ብቻ ይሁን። በእሷ ላይ ስም አትለጥፊ። አማካሪውም «ይለፍ» ካሉሽ ስምሽ በዚያ ጽሑፍ ላይ እንዳይወጣ በጽሑፍ ጠይቂ፤ ወደ ትምህርት ክፍል ኃላፊው ውሰጂው። ምናልባት ምረቃሽ በአንድ መንፈቀ ዓመት ይዘገይ ይሆናል። ቀላል አይደለም፤ ቤተሰብ ምን እንደሚል አውቃለሁ። ጓደኛሽም ለጊዜው አታናግርሽ ይሆናል። ወላጆቿን መጠየቅሽን ግን አታቋርጪ፤ ልጃቸው ብትቀየምሽም እነሱ ጋር ሂጂ፤ ውለታው የእነሱ ነው።

አንድ አስቸኳይ ነገር ብቻ ቀርቷል። ሁሉም ነገር የሚቆመው ከሦስቱ ናሙናዎች በተረፈው ዱቄት ላይ ነው። ቤተ ሙከራዎች በሴሚስተር መጨረሻ የተማሪ ናሙና ያስወግዳሉ። ነገ ጠዋት ግቢ እንደገባሽ የፕላስቲክ ከረጢቶቹን ፈልጊ፤ በላያቸው የጻፋችሁት ቁጥር ደብዝዞ ከሆነ ከደብተሩ ጋር አመሳክረሽ በማይለቅ ብዕር ድገሚው፤ 21ዱንም ጨምሪ፤ ሁሉንም በአንድ ሣጥን አድርገሽ ለቤተ ሙከራ ረዳቱ በፊርማ አስረክቢ። ለድጋሚው ልኬት ከእያንዳንዳቸው ሁለት ግራም ካለ ይበቃል።